ለጎረቤት የሚሆን መጭመቂያ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ የዚህች ከተማ ነዋሪ፣ የአንዲት ሚስት ባል፣ የአንድ አማት ጧሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርሴን በልቼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ የጁስ ማሽን ልገዛ ወስኛለሁ።

ይህን ቃል በቃል ከአደባባዩ ግንብ ላይ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። እብድ ሆኜ አይደለም፤ ደንባችን ነው። በእኛ ከተማ ለማድቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ግንቡ ላይ ወጥቶ ያውጃል። ማንኪያ የሚገዛ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ድስት የሚገዛ መሐል ላይ ይይዘዋል፣ በመብራት የሚሠራ ዕቃ የሚገዛ ግን ባለ በሌለ ጉሮሮው ይለቀዋል። ከታች የተሰበሰበው ሰው «ይቅናህ!» ይልና ይበተናል። ጎረቤቴ አቶ ቢተው አምና የሻይ ማጥለያ ሲያውጅ ስሜቱ ፈንቅሎት አልቅሷል። እኔ አላለቀስኩም። ድምፄ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ ትርንጎ «እንደ ፍየል» ነው ያለችው፤ እሷ ግን ከኋላ ቆማ ስለነበር በደንብ አልሰማችም ብዬ አልፌዋለሁ።

ማሽኑ ያስፈለገው ለአማቴ ለአባባ ይርዳው ነው። የአባባ ይርዳው ጥርሶች ተራ በተራ፣ ያለ ጠብ፣ ተሰናብተዋቸው ሄደዋል። ጥርስ ሲሄድ ሥጋ ይከተላል። ሥጋ ሲሄድ ደግሞ በእኛ አገር ሚዛን ይመጣል።

ስለ ሚዛኑ ለማያውቅ ላስረዳ። በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ሽማግሌዎች ይመዘናሉ። በአንዱ ጫፍ ሰው ይቀመጣል፣ በሌላው ጫፍ ግማሽ ኩንታል ገብስ። ሰውየው ገብሱን ካነሣው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገብሱ ሰውየውን ካነሣው ደግሞ በበቅሎ ተጭኖ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የቀላሎች ቤት ይወሰዳል። ጥሩ ቤት ነው አሉ። ነፋስ እንዳይወስዳቸው ለእያንዳንዳቸው የኪስ ድንጋይ ይታደላቸዋል። ከብዶ የተመለሰ ሰው ግን እስካሁን አላየንም። አምና አባባ ይርዳውና ገብሱ እኩል ለእኩል ተንጠልጥለው ቆዩ፤ በመጨረሻ ጫማቸው ተቆጥሮላቸው ነው የተረፉት።

ሐኪሙ መጥቶ አያቸው። ክንዳቸውን ለካ፣ ድዳቸውን ዳሰሰ። «ጎመኑንም ካሮቱንም ባቄላውንም ከነጭማቂው ከነሥጋው አድቅቃችሁ፣ እንደ ገንፎ አወፍራችሁ አብሏቸው» አለ። «ውኃ ውኃውን ጠጥቶ ሚዛን የደፋ ሰው አላውቅም።»

ትርንጎ ይህን ሰምታ እኔን በር ላይ አቆመችኝ።

«የሚፈጭ ነው የምታመጣው። የሚጨምቅ አይደለም። ድገምልኝ።»

«የሚፈጭ።»

«የማይጨምቅ።»

«የማይጨምቅ አልኩ እኮ።»

«መንገድ ላይም በለው። አንተን አውቅሃለሁ።»

እስከ ድልድዩ ድረስ ብዬዋለሁ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ወዳጄ ሰላም ሲለኝ እንኳ «የሚፈጭ» ብዬ ነው የመለስኩለት።

«ሙቀጫ የላችሁም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሙቀጫ በከተማችን ቀርቷል። ያስቀሩት ሊቀ አድማጭ ናቸው። ሊቀ አድማጭ የከተማችን የጤና ሹም ሲሆኑ ሥራቸው መስማት ነው። የሚታይ ጤና ያታልላል፣ ቀይ ፊት ከፀሐይም ከቁጣም ይመጣል፣ የሚሰማ ጤና ግን አይዋሽም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል በማማው ላይ ያለው በመብራት የሚሠራ ደወል ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ቤት ሁሉ አትክልቱን በማሽን መፍጨት ይጀምራል። ደወሉ ዳግመኛ እስኪጮህ ማቆም የለም። ይህ የመፍጫው ሰዓት ይባላል። ሊቀ አድማጭ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ በየመንደሩ እየዞሩ ያዳምጣሉ። አፋቸውን የሚሸፍኑት የሰው ትንፋሽ ከጤና ድምፅ ጋር እንዳይቀላቀል ነው ይባላል። ድምፁ ያማረ ቤት በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይሰቀልለታል። ባለ ቅጠል ሰው በመንገድ ሰላምታ ይቀድመዋል፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይለቀቅለታል፣ ለቅሶ ቤት ከፊት ይቀመጣል። ደወሉ ሳይጮህ ያቆመ ሰው ቅጠሉ ይወርዳል።

ሙቀጫ ደግሞ የድህነት ድምፅ ነው ተባለ። ሁሉም ሙቀጫውን ተሸክሞ አስረከበ፤ ሙቀጫዎቹም አደባባዩ ላይ ተገልብጠው የሽማግሌዎች መቀመጫ ሆኑ። እኔም የእኛን አስረክቤያለሁ። ትርንጎ ያሸከመችኝ ከሥሩ የተሰነጠቀውን ነበር። ደህናው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ስለ ዕቃ የመጠየቅ ልማድ የለኝም።

ወደ ገበያዬ ልመለስ።

የማሽን ቤቱ ባለቤት ልንገረው ይባላል። ልንገረው ሱቅ ገብቶ ዕቃ ማየት ነውር ነው። ገዢ ደጅ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ልንገረው ከውስጥ እያስነሣ ያሰማዋል። በአትክልት ተሞክሮ የተሸጠ ማሽን የለም። ምግብ ድምፁን ያፍነዋል።

መጀመሪያ ያስነሣው እንደ ንብ «ዝዝዝ» አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ይሄ ይፈጫል፣ ጋሼ። ጎመን ቢሉ ጎመን፣ ባቄላ ቢሉ ባቄላ። እንደ ገንፎ ያወጣዋል። ጉልበቱ ለጉድ ነው።»

ይህ እንግዲህ ሐኪሙም ትርንጎም ያሉት ማሽን ነበር። ተነሥቼ ይዤው ብሄድ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

«ድምፁ ግን አነሰ» አልኩ።

«እሱስ አነሰ። ለሚበላ ሰው ነው የተሠራው።»

«የአቶ ቢተው የትኛው ነው?»

 የደንበኛን ማሽን መናገር ነውር ነው። ልንገረው ግን ከውስጥ አንድ ነገር አስነሣ፤ የበርጩማዬ እግር ተንቀጠቀጠ። «ይሄንን የሚመስል ነው» አለ።

«ከዚህ የሚበልጥስ?»

«አለ። ግን፣ ጋሼ፣ እሱ አይፈጭም፤ ይጨምቃል። ካሮቱ ይገባል፣ ጭማቂው ጠብ ይላል፣ ሥጋው በኋላ ወጥቶ ይጣላል።»

«እስቲ አሰማኝ።»

አስነሣው። ከድልድዩ ማዶ ውሾች ጮኹ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ቤት ስትጠራ ሰማሁ። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ዕንባዬ መጣ፤ አቶ ቢተውን በማጥለያው ቀን መታዘቤ ትክክል እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩት። ለትርንጎ ጠይቄያለሁ ለማለት ነው።

«ለሽማግሌ እንኳ አይሆንም» አለ ልንገረው። «ለጎረቤት ይሆናል።»

ተሸክሜው ስገባ ትርንጎ በሩ ላይ ነበረች። ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ማሽኑን።

«ይጨምቃል?»

«ይጨምቃል። ግን ስትሰሚው…»

«አባዬ ሊሰማው ነው እንዴ የሚበላው?»

 ለዚህ ጥያቄ በኋላ፣ እንደምታዩት፣ መልስ አገኘሁለት።

በማግሥቱ ደወሉ ሲጮህ አንድ ዘንቢል ካሮት አስገባሁ። ቤቱ ተናወጠ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው የሠርጋችን ፎቶ ዞሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ፤ እኔና ትርንጎ ጀርባችንን ተሰጣጥተን ቆምን። በመጨረሻ ለአባባ ይርዳው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ቀረበ። በሌላው በኩል አንድ ጉብታ የሚያህል የካሮት ሥጋ ወጥቶ ተጣለ፤ የአቶ ቢተው በጎች በሉት። በጎቹ በዚያ ሰሞን በጣም አማረባቸው።

አባባ ይርዳው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ ጠጡት፣ አስቀመጡት።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይሄ ካሮት ነው ወይስ የካሮት ዕንባ?»

«ጤና ነው፣ አባባ።»

«እሺ። ከጤናው በኋላ የሚበላስ ነገር አለ?»

በዚያው ሳምንት ሊቀ አድማጭ ከበራችን ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ቅጠል ሰቀሉልን። አቶ ቢተው ሰላምታ ቀደመኝ። ነጠላዬን በሌላ አጣፋ መልበስ ጀመርኩ።

ችግሩ ካሮቱ ነው። ያንን ጩኸት ጠዋት ጠዋት በካሮት መመገብ ጓሯችንን ጨረሰው። ስለዚህ ማሽኑን ባዶውን አስነሣው ጀመር። ባዶውን እንዲያውም ይበልጥ ያምር ነበር፤ ልንገረው ምግብ ድምፅ ያፍናል ያለው እውነቱን ነው። አንድ ጠዋት ግን፣ ደወሉ በጮኸ በትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ ከሥሩ ጭስ ወጣ፣ አንድ ጊዜ አጓራና ሞተ። ባዶውን የሚሠራ ማሽን ይቃጠላል ለካ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ጠይቄም አላውቅም።

ላስጠግነው እንዳልል ለጥገናም ግንቡ ላይ ወጥቶ ማወጅ ግድ ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ ማሽኔን አቃጥያለሁ» የሚል ሰው በከተማችን ታሪክ የለም። ይህም ማሽኖቻችን እንዴት ጠንካራ እንደሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ሲነገር ሰምቻለሁ።

ሰዓቱ ግን አላለቀም። ሊቀ አድማጭ ከመንደሩ ራስ ላይ እየወረዱ ነበር። ማንኪያ በጣሳ ውስጥ አሽከረከርኩ፤ ማንኪያ በጣሳ ውስጥ ማንኪያ በጣሳ ውስጥ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ምላሴን ወደ ላንቃዬ አጥፌ፣ ከደረቴ ሥር አንድ «ግርርርርር» አወጣሁ።

ማማሩን ብነግራችሁ ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። ግን አማረ።

ትርንጎ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ? አመመህ?»

እጄን አንሥቼ ቆይ አልኳት፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ስቆም «ካሮት እየፈጨሁ ነው» አልኳት።

«አባዬስ? ክረምቱ እኮ ሊወጣ ነው። ሚዛኑ…»

«መጀመሪያ ቅጠሉ ይዳን። ግርርርር…»

ድንጋይ የበዛበት የሽሮ እህል ስትለቅም በምታይበት ዓይን አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻቸውና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደወሉ በጮኸ ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች። አፍራብኝ ነው ብዬ ተውኳት። ጥበብ በቤቷ አትከበርም።

እኔም በሥራዬ ሠለጠንኩ። ጎመን በጉንጭ ነው፣ ቀይ ሥር በጉሮሮ፣ ዝንጅብል ትንሽ አፍንጫ ይፈልጋል። ካሮት ከባድ ነው፤ በየመሐሉ «ቀጭ» ካላሉበት ካሮት አይሆንም። ሊቀ አድማጭ አንድ ቀን በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ «የዛሬው ካሮት ደረቅ ነበር» ብለው ለተከታያቸው ሲናገሩ ሰማሁ። ልክ ነበሩ። ውኃ ሳልጠጣ ነበር የጀመርኩት።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። በመፍጫው ሰዓት፣ እኔ ሳጉረመርም፣ ከኋላዬ «ድም… ድም… ድም» የሚል ነገር እሰማለሁ። ልቤ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ደረቴ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየ።

«ልብህ ደህና ነው።»

«ታዲያ የምሰማው ምንድነው?»

«መቼ መቼ ነው የምትሰማው?»

«በመፍጫው ሰዓት ብቻ።»

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንደኔው ባለ ቅጠል ነው። «እኔም እሰማዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔም ልብ ይሆናል።»

ሁለታችንም ዕረፍት እንድናደርግ ተስማምተን ተለያየን። አላደረግንም።

በዚህ መሐል ተአምሩ ታየ። አባባ ይርዳው ከበዱ! መጀመሪያ ጉንጫቸው ሞላ፣ ከዚያ አንገታቸው ከኮሌታቸው ጋር ተገናኘ፤ ሲቀመጡ ወንበሩ ያቃስት ጀመር። ማሽኑ ከተቃጠለ ወዲህ ከእኔ እጅ አንዲት ጠብታ ጭማቂ አልደረሳቸውም። እኔም ነገሩን አሰብኩበት። ጭማቂ ሲጠጡ ከሱ፤ ድምፅ ብቻ ሲሰሙ ወፈሩ። የቀረውን የተማረ ሰው ሁሉ ሊደርስበት ይችላል፤ እኔ ሳልማር ደረስኩበት። ድምፅ ይመግባል።

ለማረጋገጥ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ድምፁ ተስማማዎት አይደል?»

«በጣም» አሉ። ጢማቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ነበር። «በተለይ ጨው ሲኖረው።»

ዕድሜ ነው ብዬ አልፈረድኩባቸውም።

ግኝቴን ለሊቀ አድማጭ አቀረብኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «ይህን እኔም ጠርጥሬው ነበር» አሉ። በማግሥቱ ግንቡ ላይ ወጥተው አወጁት። ከዚያ ወዲያ የከሳ የከሳው ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ መስኮቴ ሥር ይቀመጥ ጀመር። አቶ ቢተው የገዛ አጎቱን አምጥቶ አስቀምጧል። ከመጡት ውስጥ የወፈረ እስካሁን የለም፤ አንዱ ግን ካሮት ሰለቸኝ ብሎ ሄዷል።

ክረምቱ ወጣ። ሊቀ አድማጭ በዚህ ዓመት የአባባ ይርዳውን ሚዛን ከአደባባይ ወደ እኔ በር አመጡት። የመፍጫው ሰዓት እንዳለቀ፣ ድምፁ በሆዳቸው ትኩስ እንዳለ፣ ሕዝብ እያየ ይመዘናሉ። ከደፉ፣ ድምፅ እንደሚመግብ በሕግ ይጻፋል። ካልደፉ በቅሎዋ ተጭናለች።

ጠዋት ስነሣ ሁሉም ደጃፌ ላይ ነበር፤ ሚዛኑ፣ ገብሱ፣ በቅሎዋ፣ በቅሎ ነጂው፣ ሕዝቡ። ትርንጎ በረንዳው ላይ ያዘችኝ።

«አባዬን ቢወስዱት አንተንም አብረው ይውሰዱህ።»

«እኔን አይወስዱኝም። ከባድ ነኝ።»

«አንተ?» አለች። «አንተማ ከሁሉም ቀላል ነህ።»

አባቷን ይዛ ጓዳ ገባች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት በቅሎዋን ዞራ አየቻት። አየሁት፤ አይቼም መጋረጃዬን ዘጋሁ።

ደወሉ ጮኸ። ጀመርኩ። በአንዴ ከተማው በሙሉ ጀመረ፤ ቁልቁለቱ፣ ዳገቱ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር። የአቶ ቢተው ማሽን ከግድግዳው ወዲያ ሲያጓራ ይሰማኛል። ሊቀ አድማጭ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጎመን ፈጭቼ አላውቅም።

ከጎመን ወደ ካሮት ገባሁ። ከካሮት ወደ ቀይ ሥር። ዝንጅብል ጨመርኩ። ሁልጊዜ ዝንጅብሉ ላይ ስደርስ ደወሉ ይጮኻል። ዛሬ አልጮኸም። እንደገና ከጎመን ጀመርኩ። ፀሐይዋ ከጣሪያው ላይ ወጣች፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ዓይኔን ወጋችኝ። ደወሉ አልጮኸም። ማቆም የለም። በልቤ «ሊቀ አድማጭ ለዚህ ታላቅ ቀን ሰዓቱን አራዝመውት ነው» አልኩ። በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም በልቡ እንደዚሁ ብሏል።

መጀመሪያ የተሰበረው አቶ ቢተው ነው። ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ጊዜ ተንጠራራ፣ ከዚያ አስነጠሰ። በግልጽ፣ እንደ ሰው፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። መስኮቴ ሥር የተቀመጠው አጎቱ ከልማድ «ይማርህ!» አለው። «ያኑርህ» አለ ማሽኑ።

ቀጥሎ ከዳገቱ በኩል አንድ ማሽን ሳል ያዘው። ከድልድዩ ማዶ የሐኪሙ ማሽን ድምፁ ሰለለ፣ ሰለለ፣ ሹክሹክታ ሆነ። አንድ በአንድ ጠፉ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ በኩራትም በፍርሃትም፤ ከዚያ የእኔም ጉሮሮ እንደ ደረቀ በር «ቂቅ» ብሎ ተዘጋ።

ፀጥታ ሆነ። ስንት ዘመን ያልሰማነው ፀጥታ። ፀጥታውም ውስጥ፦

ድም… ድም… ድም።

ልቤ ላይ እጄን ጫንኩ። ልቤ ሌላ ዜማ ይመታ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከጓዳችን ነው። ከአቶ ቢተውም ጓዳ ነው። ከሐኪሙም። ከቁልቁለቱ፣ ከዳገቱ፣ ቅጠል ካለውም ከሌለውም ቤት፣ ከየጓዳው ዘነዘና እየወረደ ሙቀጫ እየተወቀጠ ነበር፤ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ዘግየት እያለ። እነሱ ደወል አይጠብቁም ነበርና ደወል መቅረቱን አልሰሙም።

በራችን ተከፈተ። አባባ ይርዳው ወጡ። በአንድ እጃቸው ጎድጓዳ ሳህን፣ በሌላው ማንኪያ። ሳህኑ ውስጥ ጎመንና ባቄላ አንድ ላይ ደቅቆ፣ እንደ ገንፎ ወፍሮ፣ ይጨሳል። ከኋላቸው ትርንጎ፣ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ፣ ዘነዘናውን መደበቅ ረስታው በእጇ እንደያዘችው።

አባባ ይርዳው የተሰበሰበውን ሰው አዩና ገረማቸው።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «መብራት እኮ ከሄደ ቆየ።»

 ወደ ማማው ያየ አልነበረም። ሁሉም እግሩ ሥር ያለውን መሬት ነበር የሚያየው፤ እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ ሆኜ የሚያየኝ ሳይኖር አየሁት። ጥቂት ቆይቼ እኔም መሬቱን አየሁ።

«ይህ ሚዛን ለእኔ ነው?» አሉ አባባ ይርዳው፤ ሄደው ተቀመጡበት። ገብሱ ከመሬት ተነሣ። ከፍ አለ። በቅሎ ነጂው በእጁ ደገፈው እንጂ ሊደፋ ነበር። ትርንጎ ዘነዘናውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። በቅሎዋ የምትሸከመው ስላጣች አንገቷን ዘርግታ ከበራችን ላይ ቅጠላችንን አውርዳ በላችው። የከለከላት የለም።

ያን ጊዜ መብራት መጣ፤ ደወሉ ከማማው ላይ ጮኸ። የመጀመሪያው ይሁን የመጨረሻው የሚያውቅ አልነበረም። የጀመረ የለም፣ ያቆመም የለም። ሙቀጫዎቹ ብቻ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሊቀ አድማጭ ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይናቸውን አልከፈቱም። ፊታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ኮረብታው፣ ወደ ገዛ ቤታቸው አዞሩ። ጆሯቸው እውነትም ጆሮ ነበር።

«ቀይ ሥር ነው» አሉ። ጆሯቸውን አቀኑ። «ድንችም አለበት። ከእኔ ቤት ነው።»

አባባ ይርዳው ሚዛኑ ላይ እንደተቀመጡ አዩዋቸው። የሹሙ ነጠላ ከትከሻቸው በላይ ሰፊ ነበር፤ ከነጠላው ሥር ምን ያህል ሰው እንዳለ እስከዚያን ቀን ያሰበበት የለም። መዛኝ አይመዘንም።

«ቁርስ አልቀመሱም መሰል» አሉ አባባ ይርዳው፤ ከሳህናቸው አንድ ማንኪያ ዝቀው፣ እፍ ብለው አብርደው ዘረጉላቸው። «ይቅመሱ፣ በሞቴ።»

ሊቀ አድማጭ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ፤ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አፋቸውን ከፈቱ። አንድም ጥርስ አልነበራቸውም።